ማለቂያና መጀመሪያ አንድ ቀን ሲውሉ

ግንቦት 25 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ረቡዕ። ከት/ቤት መልስ።

ምሳ ዛሬም ሐሰን ልብስ ሰፊው ዘንድ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ዝም ብዬ በላሁ። እቤት ስገባ የጎረቤት ድመት ምድጃው ላይ ተጋድማለች። እሳት ከነደደበት ስለቆየ አመዱ ተመችቷታል። አላባረርኳትም። ከእኔ ሌላ አንድ ነፍስ ቤቱ ውስጥ ትኑር ብዬ ተውኳት።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ከጨፋ ሜዳ የሚመጣው ትንኝ ሰው አላስቀመጠም። ከ8ኛ ክ. ግማሾቹ በወባ ቀርተዋል።

ዲሬክተሩ አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። ጉዳዩ የሰኔ 19ኙ በዓል ነው። ከሚሴ ት/ቤት የመጀመሪያዎቹን የ8ኛ ክ. ልጆች ያስወጣል፤ ከደሴ ኢንስፔክተር ይመጣል፤ በሩ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ይሰቀላል። የእንግሊዝኛ መምህሩ እኔ ነኝና ጣጣው ሁሉ በእኔ ላይ። «ግራጁዌሽን» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከኮታቸው ኪስ አንድ የጥሪ ካርድ አወጡ። ወንድማቸው አዲስ አበባ ከኮሌጅ ሲመረቅ የተላከላቸው ነው። ካርዱ «ኮሜንስመንት» ይላል። ይኸኛው ይሻላል፣ የተማረ ሰው ቃል ነው አሉ።

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። የፊተኛው፦ ትምህርትን ጨርሶ ደረጃ መውጣት። የኋለኛው፦ ጅማሬ። በቃ፣ ጅማሬ። እንዴት ነው ሰው የጨረሰበት ቀን ጅማሬ የሚባለው? እንግሊዞቹን ጠይቅ አሉኝ ዲሬክተሩ። ከሚሴ ላይ እንግሊዝ ከየት ላምጣ?

ስማ ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው። የዚህ ቃል ነገር ከቀኑ ይልቅ ማታ ማታ ይከነክነኛል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልጽፈውም።


ግንቦት 27፣ ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ።

እሺ። ልጻፈው።

ሼህ እንድሪስ ከመስጊድ ስወጣ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። ጎረቤቴ ናቸው፤ አባቴን ቀብረዋል፣ ኒካሄን አስረዋል። ወሬ አላበዙም። ቶይባ ነፍሰ ጡር ናት፤ የተፈታች ነፍሰ ጡር ዒዳዋ፣ የመጠበቂያ ጊዜዋ፣ እስክትወልድ ነው፤ እስክትወልድ ድረስ በሁለት ምስክር ፊት «መልሻታለሁ» ካልክ ሚስትህ ናት፤ አዲስ ኒካህ የለ፣ አዲስ የጥሎሽ መህር የለ። ከወለደች ግን አበቃ፤ እንደማንኛውም ባዳ ትጠይቃለህ፣ እሷም እሺም እንቢም ትላለች። «አፍህ አይደለም ያስወጣት? አፍህ ይመልሳት እንጂ!» አሉኝ። ኢንሻአላህ አልኳቸው። እኔ ኢንሻአላህ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ መሰለኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ስሟን ጻፍኩት አይደል። ቶይባ። ሁለት ወር ሙሉ «እሷ» ስል ከርሜ።

እንዲህ ነው የሆነው። ዲሬክተሩና ሁለት መምህራን ምሳ እኛ ቤት ተጋብዘው ነበር። ከምሳ በኋላ ለወላጆች ቀን ያዘጋጀሁትን የእንግሊዝኛ ንግግር አንብብልን አሉኝ። ተነሣሁ። አንድ እጄን ወደ ኋላ አጥፌ፣ ወዲህ ወዲያ እያልኩ፣ እንደ ደሴው አስተማሪያችን። ድንገት ሁሉም ሳቁ። ዞር ስል ቶይባ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጇን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ያንን ሆዷን ወደፊት ገፍታ፣ አፏን አሞጥሙጣ «ዘ… ዘ… ዘ…» ትላለች። አቶ ጌታሁን እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ማሾፍ ልማዷ ነው፤ ለብቻችን ስንሆን እኔም እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰው ፊት ነው። ደሜ ፈላ። አልኩት። ፈትቼሻለሁ አልኩ። አንድ ጊዜ።

እጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው የሰማችው።

በማግሥቱ ወንድሟ አያ ሙሄ ከሰንበቴ በጭነት መኪና መጣ። ከብት ነጋዴ ነው፤ ሲቆጣ ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሣጥኗን አንሥቶ ጫነ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፣ ሰውም አልላከም። እሱ ካልላከ እኔ ምን ቆርጦኝ እልካለሁ? እንዲህ እያልኩ ይኸው።


ሰኔ 2፣ ረቡዕ። የከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ።

ዛሬ ሁለቱን ቃላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው። ልጆቹ ተከራከሩ። ግማሾቹ ቀኑ ማለቂያ ነው አሉ፤ ደሴ ሄዶ 9ኛ ክፍል ለመማር አቅም የሌላቸው ናቸው፣ ከነገ ወዲያ ወደ እርሻ ነው የሚመለሱት፣ ምን ጅማሬ አለና። የተቀሩት ጅማሬ ነው አሉ። ደሴ ዘመድ ያላቸው ናቸው።

አቶ ጌታሁን በመስኮት ሲሰሙ ቆይተው ገቡ። በልጆቹ ፊት ተሟገትን። እኔ ያልኩት፦ ማለቂያ ነው አዋጅ የሚፈልገው። ወረቀት ይሰጣል፣ ማኅተም ይመታል፣ ሰው ቆሞ «ጨርሰሃል» ይልሃል፤ ካላለህ አልጨረስክም። ጅማሬ ግን ራሱ ይመጣል። እሳቸው ተቃራኒውን። ማለቂያ ማንንም አይጠይቅም አሉ፤ ዓመቱ ያልቃል፣ ዝናሙ ያልቃል፣ ሰውም ያልቃል፣ ማንም ሳያውጅ። አዋጅ የሚያስፈልገው መጀመር ነው፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «እንጀምር» ካላለ የሚጀመር ነገር የለም።

ልጆቹ አጨበጨቡላቸው። ተናደድኩ። ወላሂ እሳቸው ምኑም አይገባቸውም፤ ካርድ ላይ ያዩትን ነው የሚያወሩት።

ግን እኔ አንድ ቃል አፌ አውጥቶ አንድ ነገር አልቆ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ማለቂያ አዋጅ ይፈልጋል የምለው። ይህን ለልጆች አይነግሩም።


ሰኔ 6፣ እሁድ። ከመግሪብ በፊት።

ቀኑን ሙሉ ብርድ ብርድ ብሎኝ ተኛሁ። ወባ ወይም ብስጭት። ሁለቱም አንድ ናቸው እኔ ላይ።

ከሰንበቴ ገበያ የተመለሰ ፍየል ነጋዴ በደጄ አለፈ። አካም ጅርታ ተባባልን። አያ ሙሄን አየሁት አለ። እሷስ አላልኩትም፤ እሱ ራሱ ነገረኝ። እግሯ አብጧል፣ ወዛም ሆናለች፣ ሴቶቹ ለሐምሌ መጨረሻ ይላሉ። ስላንተ አልጠየቀችም አለኝ። ይህን መጨመሩ ምን ይባላል? ክፋት አይደለም፣ ሰዉ እንዲህ ነው፣ የሰማውን ያራግፋል።

ሐምሌ መጨረሻ ከሆነ ጊዜ አለ። አሰብኩበት። ቃሉን ብቻ እዚህ ቁጭ ብዬ ብለው ምን ክብር አለው? እንደ ተሰበረ ሰሐን ልጠግነው ነው? በዓሉ ይለፍ። አዲሱን ኮቴን ለብሼ፣ ሽማግሌ ይዤ፣ ለእሷ ቀሚስ ለእናቷ ነጠላ ይዤ፣ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እያየ ልሂድ። እንደ አዲስ ይጀመር። አያ ሙሄም ይይ።

እንዲህ ስል ልቤ ቀለል አለኝ። ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። ስኳር የለም።


ሰኔ 10፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት።

ጨርቁን ሐሰን እየሰፋው ነው። ዲሬክተሩ አሸነፉ፤ «ኮሜንስመንት» ሆነ። ሐሰን ላቲን አያነብም፤ የጻፍኩለትን ፊደል በቀይ ጨርቅ እየቆረጠ ይለጥፋል። አንዱን ፊደል ገልብጦ ሰፋው። ፍታው ብዬ ጮህኩበት። ረጋ ብሎ ፈታው።

ከዚያ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ አየኝና «ያ ሰይዶ፣ ለዚህች ጨርቅ የተጨነቅከውን እኩሌታ ለቶይባ ብትጨነቅ ዛሬ እኔ ዘንድ ሽሮ ባልበላህ!» አለኝ። ዲሲ፣ ተወው አልኩት በኦሮምኛ። እሱ ግን መቼ ይተዋል። አፍህ ለእንግሊዝ ሲሆን ይከፈታል፣ ለሚስትህ ሲሆን ይቆለፋል እያለ ቀጠለ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

እቤት ደርሼ ሳልቀመጥ ምሳውን በሰሐን ይዞ ተከትሎኝ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ይቆጡታል? እኔ እቆጣለሁ። ቁጣ ላይ ማን ብሎኝ።

ደብተሬ፣ ቤቱ ይጮኽብኛል። ጓዳው በር ላይ መቆም አልችልም። ሳቋ እዚያ ያለ ይመስለኛል።


ሰኔ 17፣ ሐሙስ። ጀምበር ስትጠልቅ።

ሼህ እንድሪስ መጡ። አልተቀመጡም። የቶይባ ነገር ምን ደረሰ አሉ። ቅዳሜ ከበዓሉ በኋላ እርስዎና ሐሰን ምስክር ሁኑኝ፣ እሁድ በገበያው ቀን አብረን እንወርዳለን አልኳቸው። ለምን አሁን አይሆንም አሉ። ሐሰን አጠገባችን ነው፣ በግድግዳው ብጠራው ይሰማል፣ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት።

የልጆቹን ስም በወረቀታቸው ላይ እየጻፍኩ ነበር። እጄ ላይ ቀለም አለ። ቅዳሜ ይሻላል ሼህ፣ ተረጋግቼ፣ ታጥቤ ውዱእ አድርጌ፣ በሥርዓቱ አልኳቸው።

አዩኝ። ጊዜው ያንተ ነው ያለህ ማን ነው አሉኝ። አብሽር ሼህ፣ ለሐምሌ መጨረሻ ነው ተብሏል ብዬ ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ! እሳቸው አልሳቁም። በሩን ሳይዘጉት ሄዱ።


ሰኔ 19፣ ቅዳሜ። ማታ፣ 1 ሰዓት ገደማ።

አልሃምዱሊላህ! ደብተሬ፣ ዛሬ ሰው ሆንኩ።

በዓሉ አማረ። ኢንስፔክተሩ ጨርቁን አንብበው ወደ ዲሬክተሩ ዞረው ፈገግ አሉ። አቶ ጌታሁን ደረታቸው ተነፋ። ያንኑ ወሬያቸውን ንግግር አድርገው አቀረቡት፤ ማለቂያ ማንንም አይጠይቅም፣ መጀመር ግን ሰው ይፈልጋል። አጨበጨብኩ። ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም፣ ልቤ ሰንበቴ ነበር። የእኔን የእንግሊዝኛ ንግግር ሳነብ እጄን ወደ ኋላ አላጠፍኩም። ማንም አላስተዋለም። እኔ አስተዋልኩ።

ምሳው ረዘመ። ኢንስፔክተሩን መሸኘት ነበረብኝ፣ ወንበር ማስመለስ ነበረብኝ። ሐሰን ሱቅ ስደርስ የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን አለ። ሼህ እንድሪስ መጀመሪያ እንስገድ አሉ። ሦስታችን ሄደን ሰገድን። ተመልሰን የሐሰን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ አልኩት። «ቶይባን ወደ ኒካሄ መልሻታለሁ፤ ምስክር ሁኑ።» ሼህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ሐሰን አሚን እያለ አለቀሰ፣ ከዚያ በራሱ ልቅሶ ሳቀ፣ መቀሱን ጣለው። ያን ጊዜ ብትታየኝ ኖሮ ምን አለ። እግሯ ላይ እወድቅ ነበር።

ቀሚሱ አረንጓዴ ነው። ባቲ ገበያ ወርዶ ሐሰን ያመጣው። ነገ በጠዋቱ መኪና።


ሰኔ 20፣ እሁድ። ሰንበቴ፣ አያ ሙሄ ደጅ። አመሻሽ ላይ።

ያ ረቢ።

ልጻፈው። እጄን የማደርግበት የለኝም፣ ልጻፈው።

ገበያው ተጥለቅልቆ ነበር፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ አፋሩ፣ ደገኛው። በመሐል እየተጋፋን ወጣን። ከአያ ሙሄ ግቢ እልልታ ሰማሁ። ለእኛ መስሎኝ ነበር። አላህ ይይልኝ፣ መምጣታችንን ሰምተው የተቀበሉን መስሎኝ ኮቴን አስተካከልኩ።

ሴቶቹ ከበቡኝ። አላህ በሰላም ገላገላት፣ ሴት ልጅ፣ ማሻአላህ፣ አፍንጫዋ ያንተ ነው። ትናንት ወለደች። ትናንት። ሐምሌ አይደለም፣ ትናንት። ዕቃውን ጥዬ ወደ ቤቱ ሮጥኩ። አያ ሙሄ ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ። «ቆይ፣ መምህር።» ድሮ ሰይዶ ነበር የሚለኝ።

መልሻታለሁ አልኩት፣ በምስክር! ይኸው ምስክሮቼ! መቼ አለኝ። ትናንት አልኩ። ትናንት መቼ አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሐሰን ከኋላዬ ዘሎ በቀን ነው፣ ወላሂ በጠራራ ቀን ነው አለ። ሼህ እንድሪስ መሬት መሬት ያያሉ።

አያ ሙሄ አልጮኸም። ልጅቷ በቀትሩ ዙህርና በዐስር መካከል ነው የመጣችው አለና ቀጠለ። በጆሮዋ አዛን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ብዬ ስወጣ ነው የዐስር አዛን የተሰማው፤ አክስቷ ዘይነባ ናት ያዋለደችው፣ ጠይቃት። ሐሙስ ከሚሴ ቃዲው ፊት እንገናኛለን፤ ዓርብ የልጅቷ ስም ይወጣል፣ ከዚያ በፊት ይለይልን። የመለስካት ልጁ ከመምጣቱ በፊት ከሆነ ሚስትህ ናት፣ በሬን አልዘጋብህም። በኋላ ከሆነ ግን አልቋል። ወሊዋ፣ ለኒካህ የምሰጣት፣ እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልሰጥህም፤ አንድ ጊዜ ሰጥቼህ አይቻለሁ።

እማ ዘይነባ ልጅቷን በነጠላ ጠቅልላ በበሩ አወጣችልኝ። ያዝኳት። ቀይ ናት፣ ዓይኗን አልገለጠችም። አዛን ልላት አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁ። ትዝ አለኝ፣ ተብሎላታል። ጆሮዋን ሳምኩና መለስኳት።

ከግድግዳው ወዲያ ቶይባ ስትስል ሰማሁ። እሷ እንደሆነች አወቅሁ። ሌላ ምንም አልሰማሁም።


ሰኔ 21፣ ሰኞ። ከሚሴ፣ ቀትር።

ሥራ አልሄድኩም። የት/ቤቱ በር ላይ ጨርቁ እስካሁን ተሰቅሏል አሉ። ይበጣጠስ።

ሦስት ሳምንት የትኛው ስም ይሻላል እያልኩ ተሟገትኩ፤ ግራጁዌሽን፣ ኮሜንስመንት። ማለቂያ አዋጅ ይፈልጋል ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተማርኩ። የእኔ ማለቂያ ማንም ሳያውጀው፣ እኔ ወንበር ሳስቆጥር፣ በአንዲት ሕፃን ጩኸት አለቀ። ጅማሬው ነበር አንድ ቃል የሚፈልገው። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። አፈር ልብላ፣ አፌ ውስጥ ነበር!

እዚያ ግቢ የልጅቱ መምጣት ጅማሬ ነው፤ ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል። ለእኔ ያው ሰዓት ማለቂያ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። መዝገበ ቃላቱ ይህን አይነግርህም። በየትኛው በኩል እንደቆምክ ነው ጉዳዩ።

ሐሰን መጣ። አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል። ነገሩ ቀላል ነው አለኝ። እኔ ሰዓት የለኝ፣ ሼሁ ሰዓት የላቸው፤ ከዐስር በፊት ነው በል፣ ከዙህር እንደተነሣን ነው በል፣ እኔም እምላለሁ። ማንን ጎዳን? ልጅ አባት ታገኛለች፣ ሚስት ባል ታገኛለች፣ አላህ አዛኝ ነው። ሐሰን ጓደኛዬ ለእኔ ሲል ሊምል ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል ለማለት ኮት ስጠብቅ ነበር።

ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ቁርኣን ይዘው ተቀምጠዋል። ከተጠየቅሁ ያየሁትን እናገራለሁ አሉ። ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ በፊት ካልክና ሙሄ ካመነህ እኔን የሚጠራኝ የለም። ውሸት በል አላልኩህም፣ እውነት በልም አላልኩህም፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ አሉኝ። ትልቅ ሰው! ምነው ቢቆጡኝ።


ሰኔ 22፣ ማክሰኞ።

ምንም። ዝናም። ቤቱ ያፈሳል። አልበላሁም።

በፊት እላለሁ። ወስኛለሁ፣ በፊት እላለሁ። ማን ያውቃል።

ከሰዓት፦ እኔ አውቃለሁ። በየሌሊቱ አጠገቧ ስተኛ እኔ አውቃለሁ፣ ሚስቴ አይደለችም፣ ሐራም ነው። እሷ ሳታውቅ ሐራም ላይ ላስተኛት?

አመሻሽ፦ ካላልኩስ? ሌላ ያገባታል። ልጄ ሌላውን አባባ ትላለች። ሰንበቴ በገበያ ቀን አልፌ አያታለሁ፣ በሩቁ። አልችልም። ደብተሬ፣ አልችልም።


ሰኔ 23፣ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ።

እማ ዘይነባ መጣች። ለረቡዕ ገበያ የወጣች መኪና ናት ያመጣቻት፣ ለአራስ ቅቤ ልግዛ ብላ ነው። ከቅቤው ይልቅ ለእኔ እንደመጣች ገብቶኛል። አስገባኋት። ጓዳውን አየች፣ አመዱን አየች፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቶይባ ምን ትላለች አልኳት። ኧረ በረሱል፣ ንገሪኝ አልኳት።

እንዲህ ነው ያለችኝ። ቶይባ በቂም አልተቀመጠችም። የጭነት መኪና ደጃቸው በቆመ ቁጥር ነጠላዋን አንሥታ ትለብስ ነበር። ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሲሄድ መልሳ ታወልቀዋለች። ይህን ሁለት ወር። ቅዳሜ ምጡ ሲይዛት፣ ቆይ፣ ቆዩ ትል ነበር፤ ሴቶቹ ምጡን የፈራች መስሏቸው ያጽናኗታል። እማ ዘይነባ ብቻ ገባት። ልጁ ከመጣ ኒካሁ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ልጁን በጉልበቷ ልታስቀረው ነበር።

ከዚያ ትናንት ወንድሟ ፊት እንዲህ አለች፦ «እሱ በፊት ካለ በፊት ነው። ሰይድ ይቆጣል እንጂ ዋሽቶኝ አያውቅም።» አያ ሙሄም ይህን ሰምቶ፣ እንግዲያው ምስክር አልጠራም፣ የእሱን ቃል እቀበላለሁ አለ።

እማ ዘይነባ ይህን የምሥራች አድርጋ ነው ያመጣችልኝ። ፊቷ በርቶ። በል ልጄ፣ ነገሩ ባንተ አፍ ላይ ነው፣ አብሽር አለችኝ። እጇን ሳምኩ። ከወጣች በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እስካሁን አልተነሣሁም። ከዚህ ሁሉ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


ሰኔ 24፣ ሐሙስ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ።

ቃዲው ከሰዓት በኋላ ነው የሚቀመጠው። በጠዋቱ መኪና ሰንበቴ ወርጄ ከአያ ሙሄ ጋር መመለስ እችላለሁ። ሾፌሩን ትናንት ማታ አነጋገርኩት።

አያ ሙሄን ለምኜ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። አልገባም፣ መብት የለኝም። ቃዲው ሳይሰማ፣ ሙሄም ሳይሰማ፣ እሷ ትስማ። መኪና በቆመ ቁጥር ነጠላዋን ስትለብስ የኖረችው ከእኔ አንዲት ቃል ለመስማት ነው። ዛሬ መኪናው ይቆማል፤ የምትሰማው ግን ይህን ነው። በኋላ ነው፣ ቶይባ። ከሰገድን በኋላ ነው ያልኩት፤ ያን ጊዜ ልጃችን በእጅሽ ነበረች። ሚስቴ አይደለሽም።

ከዚያ እጠይቃታለሁ። እንደ ማንኛውም ባዳ። እንቢ ትበል፣ ሙሄም ያባርረኝ። እንቢ ማለት መብቷ ነው፤ ከሚስትነት ሳወጣት አልጠየቅኋትም። ቢያንስ ዛሬ ልጠይቃት። ተስፋ የለኝም። ወላሂ ምንም የለኝም። ግን ዋሽቶኝ አያውቅም ብላለች፤ ይህን እንኳ አልወስድባትም።

መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሐሰን በሩን ይደበድባል፤ በፊት በል ሰይዶ፣ አደራህን በፊት በል ይላል። አልከፍትለትም፣ ከከፈትኩ ያሸንፈኛል። በጓዳው በር እወጣለሁ።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሌሊቱን ሳስብ ነጋ። እንዲህ ነው የምለው፦ ቶይባ፣ እኔ ሰይድ ነኝ፣ ቅዳሜ ዕለት እኔ…